ድንበር የሚሻገር መሥመርና የጋራ ውል

መንግሥታት እርስ በርሳቸው የሚገናኙበት መንገድ ብዙ ነው። ጥንት በሲራራ ንግድ፣ በመልእክተኛና በደብዳቤ ይገናኙ ነበር፤ ዛሬ ደግሞ በባቡር ሐዲድ፣ በኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የሰውንም ቃል በቅጽበት በሚያደርስ የስልክና የኢንተርኔት ገመድ ይገናኛሉ። እነዚህ ሦስቱ መሥመሮች መልካቸው ልዩ ልዩ ይሁን እንጂ ጠባያቸው አንድ ነው፤ ይኸውም በአንዱ አገር ምድር ተጀምረው በሌላው አገር ምድር የሚፈጸሙ ስለ ሆነ፤ አንዱ ወገን ብቻውን ሊሠራቸውም ሊጠብቃቸውም አይችልም። በገዛ ምድሩ ላይ መንገድ የሚያወጣ መንግሥት የመንገዱ ጌታ ራሱ ነው፤ ድንበር የሚሻገር መንገድ ግን ሁለት ጌቶች አሉትና፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ብረቱ የቱንም ያህል ቢጠነክር ሥራው ይቆማል።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ አዲስ ትምህርት አይደለም። ዳግማዊ ንጉሠ ነገሥት ምኒልክ ከጅቡቲ ወደብ ተነሥቶ ወደ መካከለኛው አገር የሚዘልቅ የምድር ባቡር እንዲሠራ፤ አልፍሬድ ኢልግ ለተባለው የስዊስ ተወላጅ መሐንዲስ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከጅቡቲ በኩል በ1890 ዓ.ም. ተጀመረ፤ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ድሬዳዋ ደረሰ፤ አዲስ አበባ የገባው ግን በ1909 ዓ.ም. ነው። ፈቃዱ ከተሰጠበት እስከ ፍጻሜው ሃያ ሦስት ዓመት መሆኑ ነው። ሐሳቡን የወጠኑት ንጉሠ ነገሥት በ1906 ዓ.ም. ስላረፉ፤ ባቡሩ ከከተማቸው ሲደርስ ለማየት አልታደሉም። የመንገዱ ርዝመት 780 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ይህን ለመሥራት ሃያ ሦስት ዓመት ስለ ምን አስፈለገ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው።

በረሓው፣ ገደሉና የአዋሽ ሸለቆ ሥራውን እንዳከበዱት የማይካድ ነው። ነገር ግን ሐዲዱን በድሬዳዋ ለብዙ ዓመት ያቆመው ተራራ አልነበረም፤ የገንዘብ እጦትና የመንግሥታት ክርክር ነበር። ሥራውን የያዘው ማኅበር ገንዘብ አለቀበት፤ የፈረንሳይ መንግሥት ሊደግፈው በገባ ጊዜ፤ ባቡሩ የአንድ ባዕድ መንግሥት መሣሪያ ይሆናል የሚል ሥጋት በምኒልክ ዘንድ ተነሣ፤ በእንግሊዝና በኢጣሊያም ዘንድ ቅናት ሆነ። በ1899 ዓ.ም. እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ኢጣሊያ በለንደን ስለ ኢትዮጵያ በተዋዋሉ ጊዜ፤ የባቡሩም ነገር በውላቸው ውስጥ ገባ፤ የምድሩ ባለቤት ግን ከተዋዋዮቹ መካከል አልነበረም። በ1900 ዓ.ም. አዲስ ማኅበር ፈቃድ ተቀብሎ ሥራው እንደ ገና እስኪነሣ ድረስ ሐዲዱ ባለበት ቆየ። እንግዲህ ከዚህ የሚገኘው የመጀመሪያው ትምህርት፤ ዐለትን ባሩድ ይፈነቅለዋል፤ የውልን ጕድለት ግን ውል እንጂ ሌላ ነገር አይጠግነውም የሚል ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን ቆይቶ መጣ። በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በሶማሊያ መካከል በተደረገው ጦርነት ድልድዮች ስለ ፈረሱ፤ ባቡሩ ሥራውን አቋረጠ፤ የአገሪቱንም ጭነት የአሰብ ወደብ ተሸከመ። በ1969 ዓ.ም. ጅቡቲ ነፃነቷን ካገኘች በኋላ፤ ባቡሩ የሁለቱ መንግሥታት የጋራ ድርጅት ሆነ። በ1990 ዓ.ም. ደግሞ ከኤርትራ ጋር ጦርነት በተነሣ ጊዜ የአሰብ በር ተዘጋ፤ ጭነቱም ወደ ጅቡቲ ዞረ። ባቡሩ እጅግ በሚፈለግበት በዚያ ሰዓት ግን ሐዲዱ አርጅቶ፣ ፉርጎው ተሰባብሮ፣ መለዋወጫውም ጠፍቶ ነበርና፤ ሸክሙ ለከባድ መኪና ተተወ፤ ባቡሩም ጥቂት በጥቂት እየደከመ ሄዶ ቆመ። ሃያ ሦስት ዓመት ደክመው የሠሩትን ነገር ለመንከባከብ ሳይደክሙ ማጣት እንዲህ ነው።

ዛሬ ያ ሐዲድ በሌላ ተተክቷል። ከሰበታ ተነሥቶ ጅቡቲ የሚደርሰው፤ ርዝመቱ ከ750 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው አዲሱ የምድር ባቡር፤ በመስከረም 2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. የዘወትር ሥራውን ጀመረ። በቻይና ብድርና በቻይና ተቋራጮች የተሠራው ይህ ባቡር የሚንቀሳቀሰው በኤሌክትሪክ ኃይል ስለ ሆነ፤ የባቡሩ መንገድና የመብራቱ መንገድ ተሳስረዋል፤ ሽቦው ቢበጠስ ባቡሩ በበረሓ ይቆማልና። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩን ያንቀሳቅሱ የነበሩት የቻይና ኩባንያዎች ሲሆኑ፤ በ2016 ዓ.ም. ሥራው የኢትዮጵያና የጅቡቲ ወደ ሆነው የጋራ ድርጅት ተላልፏል። ይህ ርክክብ የሚያስደስት ነገር ነው፤ ነገር ግን የቀድሞው ሐዲድ የጠፋው በባዕድ እጅ ሳለ ሳይሆን በባለቤቶቹ እጅ ከገባ በኋላ መሆኑን ለሚያስታውስ ሰው፤ ደስታው ከሥጋት ጋር ነው።

ስለዚህ ድንበር ተሻጋሪ መሥመር ጸንቶ ይኖር ዘንድ ምን ያስፈልገዋል የሚለውን ጥያቄ መመርመር የዛሬ ጕዳይ ነው። ነገሩ ቢመረመር ሦስት ነገሮች ዋነኞች ሆነው ይገኛሉ። እነርሱም አንድ መለኪያ፣ የታመነ ውልና የማያቋርጥ ጥበቃ ናቸው።

ከሦስቱ የመጀመሪያው አንድ መለኪያ ነው። በቀይ ባሕርና በምሥራቅ አፍሪካ ዙሪያ የተዘረጉትን የቀድሞ ሐዲዶች የተመለከተ ሰው የመለኪያን ነገር በቀላሉ ይረዳል። በጅቡቲና በአዲስ አበባ ሐዲድ፤ በሁለቱ ብረቶች መካከል የነበረው ስፋት 1 ሜትር ነው፤ ከምጽዋ ወደ አስመራ የሚወጣው የኢጣሊያ ሐዲድ 95 ሳንቲ ሜትር ነው፤ የሱዳኑ ደግሞ 1 ሜትር ከ6.7 ሳንቲ ሜትር ነው። እያንዳንዱ ባዕድ ገዢ ሐዲዱን ከወደቡ ወደ ውስጥ የዘረጋው የምድሩን ፍሬ ወደ መርከቡ ለማውረድ ነውና፤ ከጐረቤቱ ሐዲድ ጋር ይገናኛል ብሎ አላሰበም። እነዚህ ሐዲዶች በአንድ ስፍራ ቢገጣጠሙ እንኳ የአንዱ ባቡር በሌላው ሐዲድ ላይ አንድ እርምጃ ሊሄድ ባልቻለ ነበር። ዛሬ የኢትዮጵያና የጅቡቲ አዲሱ ሐዲድ፤ እንዲሁም በ2009 ዓ.ም. የተከፈተው የሞምባሳና የናይሮቢ ሐዲድ፤ ሁለቱም በ1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር ስፋት ተሠርተዋል። በአዲስ አበባና በናይሮቢ መካከል ገና ሐዲድ የለም፤ ነገር ግን አንድ ቀን ቢዘረጋ ባቡሩ ሳይራገፍ ለማለፍ እንዲችል መለኪያው ከወዲሁ ተዘጋጅቷል ማለት ነው።

በቃል መልእክትም እንዲሁ ነው። ቴሌግራፍ በአውሮፓ በተጀመረ ጊዜ ሽቦው ከድንበር ላይ ይቆም ነበር። በስትራስቡርግ ከተማ የፈረንሳይና የባደን ጸሐፊዎች በአንድ ጣቢያ ተቀምጠው፤ ከአንዱ ወገን የመጣውን ቃል አንዱ በወረቀት ጽፎ በጠረጴዛው ላይ ያሳልፋል፤ ሌላው ተቀብሎ ወደ ቋንቋው መልሶ በራሱ ሽቦ እንደ ገና ይመታዋል። ከመብረቅ ጋር የሚፎካከረው መልእክት በድንበር ላይ በእግረኛ ፍጥነት ይሄድ ነበር ማለት ነው። ይህን ችግር ለማስቀረት 20 መንግሥታት በ1857 ዓ.ም. በፓሪስ ተሰብስበው፤ ስለ ምልክቱ፣ ስለ ዋጋውና ስለ ሒሳቡ አንድ ሥርዐት ወሰኑ፤ ዛሬ ዓለም አቀፍ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት የሚባለው ማኅበር ከዚያ ተወለደ። ኢትዮጵያም በ1901 ዓ.ም. የዓለም ፖስታ ኅብረት፤ በ1924 ዓ.ም. ደግሞ የዚህኛው ኅብረት አባል ሆነች። ይሁንና አባልነት ብቻውን መንገድ አያቀናም፤ ለብዙ ዘመን ከአንድ የአፍሪካ አገር ወደ ጐረቤቱ የሚደረግ የስልክ ጥሪ ብዙ ጊዜ በለንደን ወይም በፓሪስ ዞሮ ይደርስ ነበርና። የአጥርን ማዶ ጐረቤት ለመጥራት ባሕር ማቋረጥ ምን ያህል ኪሣራ እንደ ነበረ አስተዋይ ሁሉ ይረዳዋል።

በሞያሌም አንድ ግልጽ ምሳሌ ይገኛል። በኬንያ መኪና የሚሄደው በመንገዱ ግራ ነው፤ በኢትዮጵያ ደግሞ በቀኝ ነው፤ ስለዚህ ባለ መኪናው ድንበሩን ሲያልፍ ወገኑን መለወጥ አለበት። ይህ ልዩነት በአንድ ቀን የሚነሣ አይደለም፤ ነገር ግን ሥርዐት ካለ ጕዳት አያመጣም። ከዚህ የሚከፋው ነጋዴው ዕቃውን በአንዱ ኬላ አስፈትሾ፤ ጥቂት ሜትር ተጕዞ በሌላው ኬላ እንደ ገና ማስፈተሹ ነበር። በኅዳር 2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች በሞያሌ የመረቁት የጋራ ኬላ የተሠራው፤ የሁለቱ አገሮች ሹማምንት በአንድነት ተቀምጠው መንገደኛውን አንድ ጊዜ ብቻ እንዲያቆሙት ነው። አንድ ሰነድ፣ አንድ ፍተሻና አንድ ማኅተም ማለት፤ ለነጋዴው ከብዙ ኪሎ ሜትር አስፋልት የማያንስ መንገድ ነው።

የኤሌክትሪክ ነገር ከሁሉ ይልቅ ረቂቅ ነው። በሽቦ የሚመላለሰው ኃይል በየሴኮንዱ ሃምሳ ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይላል። ሁለት አገሮች ሽቦአቸውን ሲያገናኙ፤ ይህ ምት በሁለቱም ዘንድ አንድ መሆን አለበት፤ ሁለት ከበሮ መቺዎች ምታቸው ካልተስማማ ማሕሌቱ እንደሚፋለስ፤ የሁለት አገሮች መሣሪያዎችም ምታቸው ቢለያይ መስመሩ ይፋለሳል፤ መጠበቂያው ካልቈረጠውም ይቃጠላል። ለዚህም ሁለት ዘዴ አለ። አንደኛው የሁለቱን አገሮች ምት ፈጽሞ አንድ ማድረግ ነው። ሁለተኛው በድንበር አቋራጩ ሽቦ ላይ ኃይሉ ሳይመላለስ ወደ አንድ ወገን ብቻ እንዲፈስስ አድርጎ፤ በሁለቱም ጫፍ በትልልቅ መለወጫ ጣቢያ መለወጥ ነው። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ በኬንያ ሱስዋ እስከሚባለው ስፍራ የሚደርሰው መሥመር የተሠራው በዚህ በሁለተኛው ዘዴ ነው። ርዝመቱ 1,045 ኪሎ ሜትር፤ ጕልበቱ 500 ኪሎ ቮልት፤ ሊሸከም የሚችለውም 2,000 ሜጋ ዋት ነው። ይህ ዘዴ ሌላም ጥቅም አለው፤ በአንዱ አገር የተነሣ ሁከት ወደ ሌላው እንዳይተላለፍ መለወጫ ጣቢያው እንደ በር ሆኖ ያግደዋል።

መለኪያው ከተስማማ በኋላ ሁለተኛው የታመነ ውል ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ጅቡቲ፤ ከዚያም ጥቂት ቆይቶ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን ይሻገር ጀመር። ለኬንያ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ለ25 ዓመት የሚጸና ውል ተፈርሞ፤ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ሽያጩ ተጀመረ። በዚህ ውል ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት 200 ሜጋ ዋት፤ ከዚያ በኋላ 400 ሜጋ ዋት እንዲሸጥ፤ ዋጋውም ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም እንዲሆን ተቈርጧል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ማስተዋል ያስፈልጋል። መስመሩ 2,000 ሜጋ ዋት መሸከም ሲችል የተሸጠው ከአሥር እጅ አንዱና ሁለቱ ነው። ብረቱ ተዘርግቶ አልቋል፤ የቀረው መተማመንና መዋዋል ነው። በ1997 ዓ.ም. የተቋቋመውና ዋና ጽሕፈት ቤቱ በአዲስ አበባ የሆነው የምሥራቅ አፍሪካ የኃይል ቋት የተባለው የመንግሥታት ማኅበር ሊሞላው የሚገባው ክፍተት ይኸው ነው፤ ይኸውም አንዱ አገር ከተረፈው ለጐደለበት በየቀኑና በየሰዓቱ የሚሸጥበት፤ ዋጋውም ለሁሉ የሚታይበት የጋራ ገበያ ማቆም ነው።

አንዳንድ ሰዎች ግን፤ መብራትን ያህል ነገር በጐረቤት እጅ ማኖር ራስን ማሰር ነው ይላሉ። ይህ ሐሳብ መሠረት የሌለው አይደለም። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2003 ዓ.ም. በመስከረም ወር፤ በስዊስ አገር አንድ ትልቅ የኤሌክትሪክ መሥመር ወደ ዛፍ ተጠግቶ በመቈረጡ፤ ከስዊስና ከሌሎች ጐረቤቶቿ ኃይል ትገዛ የነበረችው ኢጣሊያ በሌሊት ጨለማ ዋጣት፤ ከ50 ሚሊዮን የሚበልጥ ሕዝብም ያለ መብራት አደረ። የአንድ ዛፍ ቅርንጫፍ በጊዜው ባለመቈረጡ የደረሰው ጥፋት ድንበር ተሻግሮ አገር አጨለመ።

ነገር ግን የዚህ ተቃራኒም ታይቷል። በሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. እስፓኝና ፖርቱጋል በቀትር ኤሌክትሪካቸው በድንገት ጠፋ፤ ባቡሮች በመንገድ ላይ ቆሙ፤ ስልክም ተቋረጠ። ያን ጊዜ የጠፋውን እንደ ገና ለማስነሣት ረድኤት ካመጡት መካከል ከፈረንሳይና ከሞሮኮ በኩል የነበሩት ሽቦዎች ይገኙባቸዋል። እሳቱ የጠፋበት ቤት ከጐረቤት ፍም እንደሚለምን፤ የጠፋ መብራትም ከጐረቤት ሽቦ ይለኰሳል። እንግዲህ መገናኘት አደጋን ሊያመጣ እንደሚችል ሁሉ ማዳንም ይችላል፤ የሁለቱ መለያ ደግሞ ጥንቃቄና የውል ግልጽነት ናቸው። ማን በምን ሰዓት ሽቦውን ይቈርጣል፤ ማንስ ለማን ቀድሞ ያስታውቃል፤ ጥፋት ቢደርስ ካሣውን ማን ይከፍላል፤ ክርክር ቢነሣስ ማን ይዳኛል፤ ይህ ሁሉ ከአደጋው በፊት ካልተጻፈ፤ በጨለማ ውስጥ ሊጻፍ አይችልም።

ከዚህም ጋር የታመነ ውል ማለት ሁሉን በአንድ በር ላይ መጫን ማለት አይደለም። «አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም» ይባላል። ኢትዮጵያ ከአሥር እጅ ዘጠኙ ያህል የውጭ ንግዷ በጅቡቲ በኩል የሚያልፍ አገር ስትሆን፤ አሰብን እንዴት እንዳጣች ታሪኳ ራሱ ይመሰክራል። በኢንተርኔት ገመድም እንዲሁ ነው። በየካቲት 2016 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ውስጥ ሦስት የባሕር ገመዶች ተበጠሱ፤ በጦር መሣሪያ የተመታች አንዲት መርከብ መልሕቋን እየጐተተች ሳትበጥሳቸው አልቀረችም ተብሎ ይታመናል። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣም፤ በዚያ በኩል ያለው መንገድና ሽቦ ምን ያህል ለአደጋ የተጋለጠ እንደ ሆነ ታወቀ። ስለዚህ በጅቡቲም፣ በሞያሌም፣ በመተማም፣ በሌላም በኩል በር ማብዛት፤ ለአንዱ ጐረቤት አለመታመን ተብሎ የሚቈጠር አይደለም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ተብሏል፤ አንድ ድር ግን ዝንብም አያስርም።

ሦስተኛው የማያቋርጥ ጥበቃ ነው። አዲስ መንገድ ሲመረቅ ሪባን ይቈረጣል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ሰው ሁሉ ያጨበጭባል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ የላላውን ብሎን ለሚያጠብቀው ሠራተኛ ግን የሚያጨበጭብለት የለም። ሆኖም የመንገዱ ሕይወት ያለው በዚያ ሠራተኛ እጅ ነው። አሸዋ ሐዲዱን ይሸፍናል፤ ጎርፍ የድልድዩን እግር ይበላል፤ ግመልና ከብት በሐዲዱ ላይ ይገባሉ፤ ከኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ብረት የሚፈታ ሌባም አይጠፋም። አንዱ አገር በወገኑ ያለውን እየጠገነ ሌላው በወገኑ ያለውን ቢተወው፤ የተጠገነው ወገን ከተበላሸው ወገን የተሻለ ጥቅም አይሰጥም፤ ሰንሰለት የሚበጠሰው በደካማው ቀለበት ነውና። ስለዚህ ከመሥመሩ ገቢ በየዓመቱ ለጥገና የሚወጣው ገንዘብ በሁለቱ መንግሥታት ውል ተቈርጦ፤ ለሌላ ጕዳይ ሊነካ በማይቻል ሣጥን መቀመጥ ይገባዋል። የቀድሞው ባቡር ሣጥን ባዶ መሆኑ የታወቀው ሐዲዱ ካረጀ በኋላ ነበር።

ከጥበቃ ጋር የተያያዘ፤ ከሁሉም የሚበልጥ አንድ ጕዳይ አለ። እርሱም ከመሥመሩ በታች የሚኖረው ሕዝብ ነው። በኢትዮጵያ ከሕዝቡ ግማሽ የሚያህለው ገና ኤሌክትሪክ አላገኘም። የምሰሶው እግር የቆመው በገበሬው ማሳና በአርብቶ አደሩ ግጦሽ ላይ ነው፤ ማታ ማታ በኩራዝ የሚያጠና ልጅ፤ ከራሱ በላይ እየጮኸ የሚያልፈው ሽቦ የናይሮቢን መንገድ እንደሚያበራ ይሰማል። «የገዛ ቤታችን ጨልሞ ሳለ መብራት ለጐረቤት የሚሸጠው ስለ ምን ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፤ ጥያቄው የምቀኝነት ተደርጎ ሊቈጠርበት አይገባም፤ የፍትሕ ጥያቄ ነውና።

ለዚህም ጥያቄ እውነተኛ መልስ ያስፈልጋል። አንደኛ፤ ይህን የመሰለ ከፍተኛ ጕልበት ያለውን ሽቦ በየመንደሩ እየቀነጠሱ ማከፋፈል አይቻልም፤ ለመንደር የሚሆን ኃይል ከሌላ ጣቢያ ወርዶ በሌላ ሽቦ መምጣት አለበት። ሁለተኛ፤ የመንደሩ መጨለም ምክንያቱ የኃይል እጥረት ብቻ አይደለም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተሠራ ነው፤ ያ ኃይል ከገበሬው ቤት እንዲደርስ የሚጐድለው የማከፋፈያው ሽቦ፣ ምሰሶው፣ ትራንስፎርመሩና ቈጣሪው ነው፤ እነዚህንም ለመግዛት የውጭ ገንዘብ ያስፈልጋል። ለጐረቤት የሚሸጠው ኃይል ያንን ገንዘብ ያመጣል። እስከዚህ ድረስ መልሱ ትክክል ነው።

ነገር ግን መልሱ ትክክል የሚሆነው የተገኘው ገንዘብ በእርግጥ ወደ መንደሩ ሲመለስ ብቻ ነው። ከሽያጩ የገባው ገንዘብ ምን ያህል እንደ ሆነ፤ ከዚያም ምን ያህሉ መሥመሩ ለሚያልፍባቸው ወረዳዎች ማከፋፈያ እንደ ዋለ፤ በየዓመቱ ለሕዝብ ሊነገር ይገባል። በአንድ ወረዳ ውስጥ ምሰሶ ተተክሎ፤ በአምስት ዓመት ጊዜ ውስጥ ለትምህርት ቤቱና ለጤና ጣቢያው መብራት ካልገባ፤ ያ ወረዳ ለመሥመሩ ባዳ ሆኖ ይቀራል። መብራት የገባለት መንደር ግን ያለ ደመወዝ ዘበኛ ይሆናል፤ ሌባውን ይይዛል፤ የወደቀውን ያስታውቃል፤ ከብቱን ከሐዲዱ ያርቃል። ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ የሆነን ሽቦ በወታደር ብቻ ጠብቆ የሚዘልቅ መንግሥት የለም፤ የሚጠብቀው ሕዝብ ነው፤ ሕዝብም የሚጠብቀው የራሱ የሆነውን ነገር ነው።

ይህ ነገር ለጐረቤቱም ወገን ይሠራል። የጅቡቲ የወደብ ሠራተኛ፣ የሞያሌ ነጋዴ፣ የገዳሪፍ ገበሬ፣ የናይሮቢ የፋብሪካ ሠራተኛ፤ እያንዳንዳቸው ከመሥመሩ እንጀራ ካገኙ፤ መሪዎች በተኳረፉ ጊዜ እንኳ መሥመሩ እንዳይቈረጥ የሚማልዱ እነርሱ ናቸው። በመንግሥታት መካከል የሚጻፍ ውል በቀለም ይጻፋል፤ የሚጸናው ግን የሁለቱ ሕዝብ ጥቅም ሲደግፈው ነው። ዋጋው በዝቶ የገዛው ወገን እንደ ተበዘበዘ የሚቈጥረው፤ ወይም ዋጋው አንሶ የሸጠው ወገን እንደ ተዘረፈ የሚያስበው ውል፤ ሃያ አምስት ዓመት ቢጻፍበትም ሃያ አምስት ወር አይቈይም። ስለዚህ ተዋዋዮች በመጀመሪያው ቀን ትርፍ ለማብዛት ከመሽቀዳደም ይልቅ፤ በመጨረሻው ቀንም ሁለቱ ወገኖች ደስ ብሏቸው የሚያድሱትን ውል ለመጻፍ ቢተጉ ይሻላቸዋል።

በአሁኑ ጊዜ ኢትዮጵያ ከአባቶቿ ዘመን ይልቅ የበለጠ መሣሪያ አላት። በኤሌክትሪክ የሚሄድ ባቡር አላት፤ ለጐረቤት የሚተርፍ የውሃ ኃይል አላት፤ በየድንበሩ የሚወጣ የመልእክት ገመድ አላት። የጐደለው ነገር እነዚህን በየራሳቸው ክፍል የሚያስተዳድሩ ሹማምንት ሁሉ፤ ሦስቱ አንድ ሥራ መሆናቸውን አውቀው በአንድነት መምከራቸው ነው። ባቡሩ ያለ ኤሌክትሪክ አይሄድም፤ ኤሌክትሪኩ ያለ መልእክት ገመድ አይታዘዝም፤ የመልእክቱ ገመድም ያለ ኤሌክትሪክ ዱዳ ነው። ከጐረቤት ጋር ለመዋዋል በሚቀመጡበት ጊዜ፤ የመንገዱ ሹም ስለ መንገዱ ብቻ፤ የመብራቱ ሹም ስለ መብራቱ ብቻ ቢናገሩ፤ አገሪቱ በአንዱ ያገኘችውን በሌላው ታጣለች።

ሐዲድን ብድር ይዘረጋዋል፤ ሽቦን መሐንዲስ ይሰቅለዋል፤ ገመድን መርከብ ከባሕር በታች ያወርደዋል፤ ይህ ሁሉ በገንዘብና በዕውቀት የሚገኝ ነው። መለኪያን ማስተካከል፣ ውልን ማክበርና የተሠራውን በየዕለቱ መጠበቅ ግን ከውጭ የሚገዛ ዕቃ አይደለም። የቀድሞው ሐዲድ በዚህ ጕድለት ምክንያት ከእጅ ወጥቷል፤ የዛሬውም ሐዲድና ሽቦ ዕድሜው የሚለካው በርዝመቱ ሳይሆን፤ ባለቤቶቹ በየዓመቱ ለጥገናው በሚያወጡት ብር፣ ለጐረቤታቸው በሚጠብቁት ቃልና ከምሰሶው በታች ላለው መንደር በሚያደርሱት ብርሃን ነው።